ባሌ የለቀለቀው ቤት

ከቤቱ ሲወጣ የሚሻለው፣ ሲገባ የሚብስበት ሰው ካለ ይስማኝ። ለሌላው ወሬ ነው፤ ለእሱ ግን ነፍሱ ናት። እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ «ምን ዓይነት ተጠራጣሪ ናት» ብላችሁ እንዳትደክሙ ነው። ነኝ! «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል፤ እኔ ግን እየጠረጠርኩም ልመነጠር ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። መንደር ምሥረታ የሚሉት ነገር መጣና ከአያት ከቅድመ አያት ቦታችን አንስተው፣ ከደብረ ታቦር የግማሽ ቀን መንገድ ከሚርቅ ተዳፋት ላይ በሰልፍ አሰፈሩን። ደጅ ለደጅ፣ ማን ምን እንደ በላ፣ ማን ከማን ጋር እንደ ተኮራረፈ የሚታይበት አሰፋፈር። ቦታው ቁጥቋጦ ነበርና ሊቀ መንበሩ አስመንጥሮ እሳት አስለቀቀበት። ሊቀ መንበሩ ማን መሰላችሁ? ታናሽ ወንድሜ ይርጋ ነው። በጀርባዬ አዝዬ፣ ንፍጡን በቀሚሴ ጠርጌ ያሳደግሁት። የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ሆኖ ሽጉጥ ሲታጠቅ ሰዉ ሁሉ «ጓድ ይርጋ» አለው። እኔ አላልኩትም።

ቁጥቋጦው ነዶ አለቀ። ከታች ካለው ሸጥ ግን፣ ጥቁር ድንጋይ ብቅ ብቅ ካለበት አፋፍ፣ ጭሱ አልቆመም። ክረምት ዘነበበት፤ አልቆመም። በብርድ ጠዋት ጉም መስሎ ይወጣል፣ ጠጋ ሲሉት እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል። ንብ ቀፎዋን ጥላ ሄደች፣ ከአፋፉ ያለው ወይራ በቁሙ ደረቀ። ታዲያ ሰው ሁሉ በየፊናው ጠረጠረ። ካህናቱ «ርኩስ መንፈስ የሰፈረበት ነው» ብለው ጸበል ረጩት። ከአውራጃ የመጣው ካድሬ ደግሞ «ወንበዴዎች የሚያበስሉበት ጭስ ነው» ብሎ ታጣቂ ላከበት፤ ታጣቂዎቹ እጃቸውን ሞቀው ተመለሱ። ነገሩን የጀመረው መመንጠሪያው እሳት ይሆናል ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ማን ደፍሮ ሊቀ መንበሩን ይከሳል?

የእኛ ቤት ከሸጡ ከፍ ብሎ ነው። ጠዋት የሌላው ደጅ በውርጭ ነጭ ለብሶ ሲያድር የእኔ ደጅ አረንጓዴ ነው። እግሬን ሳሳርፍበት ሞቅ ይለኛል። ጎረቤቱ «ወንድሟ መርጦ ሰጣት» እያለ አማኝ፤ እኔም በሆዴ ደስ ብሎኝ ነበር። በዚያ በደጋው ብርድ የሞቀ መሬት ያገኘች ሴት ምን ትላለች? ተመስገን ነዋ!

በዓመቱ የአጎቴ ተዝካር ሆነና አንበሳሜ እናቴ ዘንድ ሰነበትኩ። ስመለስ ባሌ ሞላ ቤቱን ለቅልቆ ጠበቀኝ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ወንድ ልጅ ቤት ሲለቀልቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እበት በእጁ ዝቆ፣ ከጭድ ጋር አሽቶ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ የጓዳ መሬት ሲያለሰልስ? አውድማ ከሆነ እሺ፣ እሱ የወንድ ነው። የቤት ውስጥ ግን የሴት ሥራ ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት እንኳ እህቱን ይጠራል። ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች፣ ሸምገል ያሉ ሴት ናቸው፣ ሊጠይቁኝ መጥተው መሬቱን በእግራቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና «ታድለሽ! የእኔው ሽማግሌ የተደፋ ውኃ አይዘልም፣ ይረግጠዋል እንጂ» አሉኝ። ሳቅሁ። በሆዴ ግን፣ ይህ ሰው ምን ሊሸፍን ነው? አልኩ።

«ምን አግኝቶህ ነው?» አልኩት።

«ደክሞሽ ትመጫለሽ ብዬ።»

ሞላ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ስንጋባ እንኳ «እሺ» ከማለት በቀር ሌላ ነገር ሲናገር አልሰማሁትም። እንዲህ ያለ ለስላሳ ቃል ከአፉ ሲወጣ ደስ ሊለኝ ሲገባ ሆዴ ሻከረ። አልጋዬንም ከነበረችበት አንስቶ ከጓዳው ጥግ አስገብቷታል። «ከበር በኩል ነፋስ አለ» አለኝ። እሱ እንደ ልማዱ ከበሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ይተኛል፤ ሮንድ የሚወጣ ቀን ደግሞ መንደር ሲጠብቅ ያድራል።

ብዙም ሳይቆይ ያመኝ ጀመር። ጠዋት ስነሣ ራሴ በፍልጥ የተመታ ይመስላል፤ ሆዴ ይታወካል፣ ጉልበቴ ይክደኛል። ውጭ ወጥቼ ስውል ደግሞ ቀስ እያለ ይለቀኛል። በእኛ መንደር ያገባች ሴት ጠዋት ጠዋት ካቅለሸለሻት መድኃኒቱም ምርመራውም አንድ ነው፤ እትዬ ዘነበች ጣሪያ የሚነቅል እልልታ አቀለጡት። ልጅ አልወለድንም ነበር። ሞላ እልልታውን ሲሰማ ከደጅ ቆሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ሲያለቅስ አየሁት። እኔም አመንኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነገር ሳልመረምር አመንኩ። ወዲያው የሴት ነገሬ መጣና እርግዝናው ውሸት ሆነ። ሕመሙ ግን አልሄደም።

ከዚያ በኋላ ያለው ደጅ መጥናት ነው። ከመንገድ ዳር ካለች አንዲት ክሊኒክ ወሰዱኝ። ድሬሰሩ ዓይኔን ገለጥ አድርጎ አየና «ወባ ነው» አለ።

«ወባ በደጋ?» አልኩት።

«አንበሳሜ ሄደሽ አልነበር እንዴ?»

«አንበሳሜ ከመቼ ወዲህ ነው ቆላ የሆነው?»

«አንቺ ነሽ እኔ ነኝ ሐኪሙ?» ብሎ የሚመር እንክብል ሰጠኝ። እንክብሉ ጆሮዬን አስጮኸው፣ ሆዴን አቃጠለው፣ ሌላ ነገር አላደረገም። ሌላው «ደም ማነስ ነው» አለኝ። ሌላዋ «ምች ነው» ብላ ዳማ ከሴ አሽታ ጨመቀችብኝ። ሁሉም ግን በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ነፋስ እንዳያገኝሽ አሉ። በእኛ አገር በሽተኛ የሚጠበቀው ከነፋስ ነው። ሞላም የግድግዳውን ስንጥቅ እየዞረ በጭቃ ደፈነ፣ ከጣሪያው ሥር ያለውን ክፍተት በጭድ ጠቀጠቀ፣ በሩ ላይ ቁርበት ሰቀለ። መሬቱንም እንደ ገና ለቀለቀ። «ተሰነጣጥቋል» እያለ፣ ከአልጋዬ ሥር ያለውን ብቻ፣ ደጋግሞ።

በሩ ሲዘጋ ፍርሃቴ ይመጣል። ልቤ ትደልቃለች፣ ጆሮዬ ውስጥ ወፍጮ ይፈጫል። «ዛሬ ስተኛ አልነሣም» እላለሁ። አንድ ቀን አልጋዬን ወደ በሩ ላስጠጋ ብዬ ስታገል ሞላ ከደጅ ሮጦ ገባ። «ተዪው! አትንኪው!» ብሎ ጮኸብኝ። በሕይወቴ ጮኾብኝ አያውቅም። ላብ አጥምቆታል። በሽተኛ ሚስቱ አልጋ ብታንቀሳቅስ ወንድ ልጅን ምን ያስደነግጠዋል?

ጸበል ሄድኩ። ከገዳሙ አጠገብ ካለች ነፋስ እንደ ልቡ ከሚገባባት ጎጆ እያደርኩ ስጠመቅ ሰነበትኩ፤ ዳንኩ! ራሴ ቀለለኝ፣ እህል ጠራኝ። ስለቴን አስገብቼ ቤቴ ተመለስኩ፤ ባደርኩ ማግስት ያው ፍልጥ፣ ያው ወፍጮ። ሄጄ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። አባ «ልጄ፣ ጸበሉ ያሻለሽን ቤትሽ የሚያብስብሽ ከሆነ፣ ጠላትሽ ከቤትሽ ነው» አሉኝ። እሳቸው ሰይጣንን ማለታቸው ነበር። እኔ ግን ቤቴ ውስጥ ከእኔ ሌላ የሚኖረው ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሞላን በዓይኔ እጠብቀው ጀመር። ልጅ አልወለድኩለትም። እሱ አልታመመም። በሮንድ አሳቦ ውጭ ያድራል። ሳልፈቅድለት ይንከባከበኛል። እትዬ ዘነበች የላኩትን ፍትፍት «በገዛ እጄ ካላጎረስኩሽ» ይላል። አንድ ሰሞንማ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ከእትዬ ዘነበች ጋር ተመሳጥሮ ይሆን? ብዬ አስቤያለሁ፤ ሴትዮዋ በዕድሜ እናቱ ይሆናሉ! በሽታ እንዲህ ነው፣ አእምሮን ያነፍዛል።

ከአልጋዬ ሥር ቁና ላይ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ነበረችኝ። መሬቱ ስለሚሞቅ እዚያ ነበር ያስቀመጥኳት። ሞላ ሲያጎርሰኝ ግማሹን ከጉንጬ ይዤ እቆይና ዘወር ሲል ለእሷ እተፋላታለሁ። ልፈትነው ነዋ! ብዙም አልቆየች፤ አንድ ጠዋት ክንፏን ዘርግታ ሞታ አገኘኋት። ከእንግዲህ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ? ሞላ ዶሮዋን አይቶ ደነገጠ፤ ዶሮዋን ሳይሆን መሬቱን ነበር የሚያየው። ያን ጊዜ ግን ይህን አላስተዋልኩም፤ መደንገጡን ብቻ ነው ያየሁ።

«ደብረ ታቦር ውሰደኝ» አልኩት። በግ ሸጠ፣ ሰው ለመነ፤ ጎረቤቶቼ በቃሬዛ ተሸክመውኝ ወጡ። በጉ ሲሸጥ እንኳ «ለይሉኝታው ነው፣ አላሳከማትም እንዳይባል» አልኩ። ታዲያ ጉዱን ስሙ። መንገድ ላይ ነፋሱ ሲያገኘኝ፣ ገና ሳንጋመስ፣ ተነሥቼ ተቀመጥኩ። ከተማው ስንደርስ ውኃ ጠጥቼ ዳቦ እየገመጥኩ ነበር። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ትከሻውን እያሸ «ምነው እቴ፣ ይህን ያህል ከተሻለሽ እኛን ብትሸከሚን?» አለኝ። አፈርኩ። እፍረቴም ወደ ቁጣ ዞረ፤ ከሞላ በራቅሁ ቁጥር የምድን ከሆነ ምኑን ልጠራጠር?

የሆስፒታሉ ኮሪደር በሰው ተሞልቷል። ከጦር ሜዳ የመጡ ቁስለኞች ቀድመው ይገባሉ፤ እኛ ከግድግዳው ሥር ተደርድረን እንጠብቃለን። ማን እንደሆነች የማላውቃት ሴት፣ ከእስቴ የመጣች ነች መሰለኝ፣ እግሯን ዘርግታ «ጭንቅላትሽን እዚህ አሳርፊ» ብላ ታፋዋን ሰጠችኝ። ልጇ ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ ከዚያው ከጦር ሜዳው። እሷ ስለ ልጇ አታወራም፣ እኔ ስለ ባሌ አላወራም። እስከ ዛሬ ስጸልይ እሷን አነሣታለሁ።

አልጋ ሰጥተው አስተኙኝ። መስኮቱ የተሰበረ ነበር፣ ብርዱ አጥንት ይበላል፤ እኔ ግን እያደር ደኅና ሆንኩ። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ በአማርኛ «እንዴት አደርሽ» ከማለት አያልፍም፣ ነርሷ ታስተረጉማለች። ደሜን ቀዳ፣ ዓይኔን አየ፣ ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የተቀመጠልኝ የመጀመሪያው ሐኪም እሱ ነው።

«ሌላ ቤት ስታድሪ ይሻልሻል ወይ? ይልሻል» አለች ነርሷ።

«ይሻለኛል።»

«ቤት ውስጥ ከሰል ታነጃለሽ?»

«ከሰል የከተማ ሰው ነው የሚያነደው። እኛ እንጨትና ኩበት ነው፣ እሱም ማታ ይጠፋል።»

ፈረንጁ ግንባሩን አሸ። ብዙ ተናገረ። ነርሷ ስታሳጥረው እንዲህ አለችኝ፤ «ደምሽን የሚመርዝ ነገር አለ ይላል። ቤትሽ ውስጥ ነው ይላል። እስኪገኝ ድረስ እዚያ ቤት አትደሪ።»

ሌላም ተናግሯል። ጭስ ሽታ ሳይኖረው ሊገድል ይችላል፣ በር መስኮት ክፈቱ ብሏል። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ አንዲቱን ብቻ ይዤ ወጣሁ፤ መርዝ! ቤቴ ውስጥ!

ሞላ ከሆስፒታሉ በር ላይ በቅሎ ተውሶ ቆሞ ይጠብቀኛል። «ምን አሉሽ?» ሲለኝ «ምንም» አልኩት። መንደር ስንደርስ ቤቴ አልገባሁም። በቀጥታ ወንድሜ ዘንድ ሄድኩ።

ይርጋ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ነገሩን ሁሉ ዘርግፌ ነገርኩት። የለቀለቀውን ቤት፣ አልጋውን፣ ዶሮዋን፣ ፈረንጁ ያለውን። ስለ ዶሮዋ ሲሰማ አልደነገጠም። ስለ ልቅለቃው ሲሰማ ግን ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ደጋግሞ ነው የሚለቀልቀው? ከአልጋሽ ሥር?»

«አዎ አልኩህ እኮ!»

«እታለም፣ እኔም ሞላን ከጠረጠርኩት ቆይቻለሁ።»

አያችሁ? አልኩ በልቤ። ለካ እሱ የጠረጠረው ሌላ ነው። በዚያ ዘመን ገበሬ ካመረተው ላይ ለመንግሥት በመንግሥት ዋጋ የሚሸጠው ኮታ ነበረበት። ሞላ «ምርት የለኝም» ብሎ አጉድሏል። እህል ደብቆ የተገኘ ሰው ይታሰራል፣ ከእስር ቤትም ወደ ግንባር የተላከ አለ። እኔ ባሌን በመርዝ ስከስ ወንድሜ በእህል ነበር የሰማኝ። ለማንም ሳይነግር፣ የቤተሰብ ገመና ነውና፣ ታጣቂም ሳያስከትል ብቻውን ተነሣ። መሬት የሚወጋበትን ብረት ብቻ ያዘ።

ስንገባ ሞላ ከመደቡ ላይ ተቀምጦ ነበር። ብረቱን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። አንድ ጊዜ ወንድሜን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየ።

«በወንድምሽ አስፈተሽሽኝ?» አለኝ። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር።

«በመርዝህ ነው የማስፈትሽህ!»

«የምን መርዝ?»

«ዶሮዬን የገደልክበት! እኔን የምትገድልበት!»

ይርጋ አልጋዬን ገፋት፣ መሬቱን በብረቱ ወጋው፤ ብረቱ ድንጋይ ነካ። ልቅለቃውን ፈነቃቀለው። ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር፣ ዙሪያው በጭቃና በእበት ታትሟል። ሞላ «አንተ ሰው፣ ቆይ! ሳይተነፍስ አንገትህን እንዳታስገባ! ቆይ አልኩህ!» እያለ ተነሣ። ይርጋ «አሁን ገና ቆይ?» ብሎ ክዳኑን አንሥቶ አንገቱን አስገባ።

ትኩስ ትንፋሽ ወጣ። ይርጋ ቀና ሊል ሞከረ፣ አልቻለም፤ በፊቱ ወደ ጉድጓዱ አፍ ዘመመ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። ሞላ ምንም ባያደርግ፣ እንዲሁ ቆሞ ቢያይ፣ ክሱም ከሳሹም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ በቀሩ ነበር። የሚያየው ሰው የለም፣ ከእኔ ሌላ፤ እኔም ጉልበቴ ከድቶኝ ግድግዳ ይዣለሁ። ሞላ ግን ዘሎ የይርጋን ዝናር ጨምድዶ ያዘ። መሬት ለመሬት ጎትቶ ከደጅ አወጣው፤ ተመልሶ እኔን በብብቴ አንሥቶ አወጣኝ። ከዚያ ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

ይርጋ ነፍሱን እስኪያውቅ ቆየ። ዓይኑን ሲገልጥ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ «ራሴን በፍልጥ... ወይኔ፣ ጆሮዬ ውስጥ ወፍጮ...» አለ።

የእኔ ሕመም ነው! ለስንት ሰው ስናገር ማንም ያልገባው ሕመሜ፣ ቃል በቃል ከወንድሜ አፍ ወጣ። ይርጋ ደግሞ የሞላን ፍትፍት አልበላም።

ጉድጓዱ ከተነፈሰ በኋላ ሞላ ኩራዝ በገመድ አስሮ ወደ ታች ሰደደ፤ መብራቱ ጭልም ብሎ ጠፋ። ቆይቶ ደግሞ ሰደደ፣ ጠፋ። ቁና በገመድ አስሮ ቀድቶ ያወጣውን ገብስ ሣሩ ላይ ደፋው። ጥቁር ነው፤ ከምጣድ ላይ የተረሳ ቆሎ። በእጅ አይያዝም፣ ይፋጃል።

«መሬቱን ስቆፍር ጥቁር ድንጋይ አገኘሁ» አለ ሞላ። «ሞቃት ነው፣ ደረቅ ነው፣ ነቀዝ አይነካውም ብዬ ደስ አለኝ። ደግሞ ክዳኑን አጥብቄ አትሜዋለሁ፣ በተሰነጠቀ ቁጥር ለቅልቄዋለሁ። የተዘጋ ጉድጓድ ሰው ይጎዳል ብዬ በምን ላስብ? ዶሮዋ ስትሞት ግን ደነገጥኩ። ደብረ ታቦር ይፈውሷታል፣ ስትመለስ አልጋውን አነሣለሁ አልኩ።»

የሸጡ እሳት ነበር። ጥቁሩን ድንጋይ ይዞ፣ በመሬት ውስጥ ውስጡን ተጉዞ ከጓዳችን ሥር ደርሷል። ሞላ ሲቆፍር ለትንፋሹ በር ከፈተለት። እኔን ከነፋስ ሲከላከል ደግሞ መውጫውን ዘጋበት።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ወንድምሽ ነዋ» አለ፣ ይርጋን ሳያይ። «ደምሽ ነው። ትነግሪዋለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ሄጄ ነግሬው ነበር እኮ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚሉት በሽተኛውን ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሁለታችንም ይርጋን አየነው። የሞላ ዕጣ ከእሱ አፍ ላይ ነበረች። ይርጋ ከጥቁሩ ገብስ ጥቂት ዘገነ፣ በመዳፉ አገላበጠው፣ አሸው፤ እጁ ጠቆረ።

«እኔ እህል አላየሁም» አለ። «ከሰል ነው ያየሁት። ከሰል ደግሞ ኮታ የለበትም።»

ተነሥቶ እየተንገዳገደ ሄደ።

ቤቱን አፍርሰን ከመንደሩ ጫፍ፣ ውርጭ ከሚመታው ቀዝቃዛ ቦታ ሠራን። ጎረቤቱ «እንዲያ ያለ ሙቅ ቦታ ለምን ለቀቁ? አንድ ነገርማ አለ» ብሎ ጠረጠረ፤ ይጠርጥር። ለሚሰማኝ ሁሉ ስንጥቃችሁን አትድፈኑ፣ በራችሁን ክፈቱ እያልኩ ዞርኩ፤ ሁለት ቤት ሰማኝ፣ ሌላው «ብርድ ልታስመታን ነው» አለ። እኔ ቶሎ አልዳንኩም። ራስ ምታቱ እያደር ተወኝ፣ የጉልበቴ መክዳትና መርሳቱ ግን ክረምቱን አልፎ ቆየ። ጨው ፍለጋ ጓዳ ገብቼ ምን ልፈልግ እንደገባሁ ይጠፋኝ ነበር። ሞላ «ጨው ነው» ይለኛል ከደጅ ሆኖ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ መዶሻ የያዙ ባለሙያዎች መጥተው ሸጡን ዞሩ። የድንጋይ ከሰል ይባላል፣ አንዴ ከተያያዘ በጥቂት አየር ለዘመናት ይነዳል አሉኝ። ከጭሱ አንደኛው ዓይነት ሽታ የለውም፣ ደም ውስጥ ገብቶ የትንፋሽን ቦታ ይነጥቃል፤ ሌላው ዓይነት ወደ ሰማይ ወጥቶ ይከማችና ምድርን እንደ ጋቢ ይሸፍናታል፣ ሙቀቷንም ይጨምራል አሉ። «ታዲያ አጥፉታ!» ስላቸው «አይጠፋም እማማ» ብለው ሳቁ። ድንጋዩን በከረጢት ሞልተው ሄዱ፤ ለምን እንደ ወሰዱት እግዜር ይወቅ። ሸጡ ግን ዛሬም በብርድ ጠዋት ይጨሳል። ለእኔ ጓዳ ያልራራ ጭስ ለሰማዩ ይራራል ብዬ አላምንም።

መቼም «በከንቱ ጠረጠርሽ» እንዳትሉኝ። መርዝ አለ አልኩ፣ ነበረ። ባሌ የሸሸገኝ ነገር አለ አልኩ፣ ነበረ። ጠርጥሩ፣ አልከለክልም። ነገር ግን የሰው ፊት ከማየታችሁ በፊት አልጋችሁን አንሡና መሬቱን ዳስሱት።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። የዚያው ዓመት አዝመራ ሲገባ ሰዉ ሁሉ ለስብሰባ ተጠርቶ ሄደ። እኛ ቀረን፤ እኔ በሽተኛ፣ ሞላ አስታማሚ። ከአዲሱ ቤታችን መካከል ዶማውን ይዞ ቆመና አየኝ። ወንድሜ ይርጋ ያን ጊዜ ገና ሊቀ መንበር ነው፣ ኮታውም ገና አለ።

«ከአልጋው ራቅ አድርገህ» አልኩት።

ሲቆፍር ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጬ አፈሩን እየዘገንኩ አሸተትኩ፣ በጉንጬም ለካሁት፤ ቀዝቃዛ ነበር። ኩራዙን ሰደድኩ፤ ጸንቶ ነደደ።

በማግስቱ ይርጋ ሊጠይቀኝ መጣ። ከበሩ እንደቆመ እርጥቡን መሬት አየ፣ ሞላን አየ፣ እኔን አየ።

«ደግሞ ማነው የለቀለቀው?» አለ።

እበቱ ከጥፍሬ ሥር ገና አልለቀቀም ነበር። እጄን ዘርግቼ አሳየሁት።

«እኔ ነኛ! ሴት ልጅ ቤቷን ብትለቀልቅ ምን ይገርማል?»